አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ እና ዳግም የሚቆረጥ የዐይን ቆብ፦ ከኮርዶባ እስከ ጅማ

ቀደም ሲል በተቆረጠ የዐይን ቆብ ላይ ዳግመኛ ምላጭ ማሳረፍ ለማንኛውም ሐኪም ከባድ ውሳኔ ነው። ከቆዳው አንድ ጊዜ ተወስዷል፤ የቀረው ትርፍ ጥቂት ነው፤ ከሥሩ ያለውም ንብርብር በጠባሳ ተያይዟል። ታካሚው በበኩሉ ከመጀመሪያው ጊዜ ያነሰ እምነትና የባሰ ጭንቀት ይዞ ይመጣል። ከዐይን ሥር የቀረ ወይም ተመልሶ የመጣ እብጠት ያለበት ሰው፣ ቆቡ ተስቦ ዐይኑን መክደን ያቃተው ሰው፣ ሽፋሽፍቱ ተቃንቶ እንደገና ወደ ውስጥ የታጠፈበት ሰው፣ ሦስቱም በአንድ ጥያቄ ሥር ይወድቃሉ። ጥያቄው ምን ያህል እንጨምር ወይም እንቀንስ፣ ወይስ እንተው የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በግልጽ ካስቀመጡት ጥንታዊ ጸሐፍት አንዱ የኮርዶባው ሐኪም አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን አል-አባስ አል-ዘህራዊ ናቸው። በላቲን መጻሕፍት አልቡካሲስ ይባላሉ። ስማቸው በቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ እጅግ የታወቀ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚነሱት የመሣሪያዎች ፈልሳፊ ተደርገው ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ባጭሩ ከተረከ በኋላ ስለ ዐይን ቆብ የጻፏቸውን ምዕራፎች ይመረምራል፤ ምዕራፎቹንም በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የሚሠራ ሐኪም ከሚገጥመው ጋር ያነጻጽራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከተማውና ሰውየው

ኸሊፋው ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ በ936 ከኮርዶባ በስተምዕራብ፣ በተራራ ግርጌ፣ መዲነት አል-ዘህራ የተባለችውን የቤተ መንግሥት ከተማ ማሠራት ጀመሩ። አል-ዘህራዊ የሚለው መጠሪያ ከዚህች ከተማ የተወሰደ ነው። የተወለዱትም በዚያው ዓመት አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። አል-አንሷሪ የሚለው ተጨማሪ መጠሪያቸው ደግሞ ዘራቸው ነቢዩ ሙሐመድን በመዲና ከተቀበሉት ወገኖች እንደሚቆጠር ያመለክታል።

ስለ ግል ሕይወታቸው የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከእርሳቸው ትንሽ ዘግየት ብለው የኖሩት ኢብን ሐዝም መጽሐፋቸውን አመስግነው አንሥተዋል፤ በ1095 የሞቱት አል-ሑመይዲ ደግሞ በአንዳሉስ ሊቃውንት የሕይወት ታሪክ መድበላቸው ውስጥ አጭር ቦታ ሰጥተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጸሐፍት የኸሊፋ አል-ሐከም ዳግማዊ የቤተ መንግሥት ሐኪም ነበሩ ይላሉ። አል-ሐከም ከ961 እስከ 976 የገዙ፣ 400,000 ያህል ጥራዝ ነበረው ተብሎ የሚነገርለትን ቤተ መጻሕፍት ያደራጁ ንጉሥ ናቸው። የጥራዙ ቁጥር የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የግሪክና የባግዳድ የሕክምና መጻሕፍት በዚያ ዘመን ኮርዶባ ውስጥ በቅርብ ይገኙ እንደነበር የአል-ዘህራዊ ሥራ ራሱ ምስክር ነው። ስለዚህ ሰውየውን ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዞሮ ዞሮ ወደ መጽሐፋቸው መግባት ግድ ይሆንበታል፤ ሕይወታቸው የተዘረዘረው በሕሙማኖቻቸው ታሪክ ውስጥ ነውና።

መጽሐፉ አት-ተስሪፍ በሚል አጭር ስም ይታወቃል፤ 30 ክፍሎች አሉት፤ የተጠናቀቀውም በ1000 ገደማ ነው። የመጨረሻው ክፍል ስለ እጅ ሥራ፣ ማለትም ስለ ቀዶ ሕክምና፣ የተጻፈ ሲሆን በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በጋለ ብረት ስለ መተኮስ ነው። ሁለተኛው ስለ መቁረጥ፣ ስለ መብጣትና ስለ ቁስል ነው። ሦስተኛው በእኛ አገር የወጌሻ ሥራ የሚባለውን፣ የተሰበረና የወለቀ አጥንት መጠገንን ይመለከታል። 200 ያህል መሣሪያዎችም በሥዕል ቀርበዋል። አንባቢው ያየውን ሥዕል ወደ አንጥረኛ ወስዶ እንዲያሠራ የታሰበ በመሆኑ ሥዕሎቹ ለጌጥ የገቡ አይደሉም።

አል-ዘህራዊ ተማሪዎቻቸውን ልጆቼ እያሉ ነው የሚያስተምሩት። ይህ አጠራር ግን ርኅራኄ ብቻ ያዘለ አይደለም፤ ቁጣም አለበት። በመግቢያቸው የሰውነትን አሠራር ሳያውቁ ምላጭ ያነሡ ሐኪሞች ያደረሱትን ጥፋት አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። አንዱ በሴት አንገት ላይ የወጣ እብጠት ሲቆርጥ ደም ሥሮቿን በጥሶ እጁ ላይ ሞታለች። ሌላው ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ትልቅ ጠጠር ሲያወጣ የፊኛውን ሥጋ አብሮ ቦጭቆ ሰውየው በሦስት ቀን ገደማ አርፏል። ሌላው ደግሞ ቁስል ያለበትን የተሰበረ እግር አጥብቆ በማሰሩ እግሩ በስብሷል። የዘመኑ ሐኪሞች ሲጽፉ ፈውሳቸውን እንጂ ጥፋትን በዚህ መልክ መዘርዘር አያዘወትሩም ነበር። እኔ እስከማነበው ድረስ የመጽሐፉ እውነተኛ መነሻ እዚህ ላይ ነው፤ አል-ዘህራዊ የጻፉት ቀዶ ሕክምና እንዲበዛ ሳይሆን አላዋቂ እጅ እንዲታቀብ ነው።

የዐይን ቆብ ምዕራፎች

በዐይን ቆብ ላይ የጻፉት አብዛኛው ነገር መሠረቱ የሰባተኛው ክፍለ ዘመን ግሪካዊ ሐኪም የአጊናው ጳውሎስ ነው። ከእርሱም በፊት ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ ከላይኛው ቆብ ብዙ ቆዳ ከተቆረጠ ዐይን መዘጋት እንደሚያቅተው አስጠንቅቋል። አል-ዘህራዊ ይህን ወርሰዋል። የጨመሩት የመሣሪያ ሥዕልን፣ የራሳቸውን ልምድና አንድን ሥራ በብዙ መንገድ የማየት ልማድን ነው።

ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ለሚወጋው ሰው ቆቡን ወደ ላይ የመሰብሰብ አራት መንገዶችን ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያው በእሳት መተኮስ ነው። በቆቡ ቆዳ ላይ በቀለም የአደስ ቅጠል ቅርጽ ይሣላል፤ ዐይኑ በእንቁላል ነጭ በተነከረ ጥጥ ይሸፈናል፤ ከዚያም ቆዳው እስኪኮማተርና ሽፋሽፍቱ እስኪነሣ ድረስ ምልክቱ ቀስ በቀስ ይተኮሳል። ሁለተኛው ከሳሙናና ካልጠፋ ኖራ በሚዘጋጅ የሚያቃጥል መድኃኒት ነው። ሦስተኛው ያንኑ የቅጠል ቅርጽ ቆርጦ በክር መስፋት ነው። አራተኛው ትርፉን ቆዳ ሰብስቦ በሁለት ቀጭን መቃዎች መካከል አጥብቆ ማሰር ነው፤ የታሰረው ቆዳ ጠቁሮ ከቀናት በኋላ ይረግፋል። ከአራቱ መካከል ለዛሬ አንባቢ ዋናው ቁም ነገር በሦስተኛው ውስጥ ይገኛል። የሚቆረጠው ቆዳ መጠን በቆቡ መላላት ልክ ይወሰናል፤ ሰው ከሰው ይለያያል፤ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት መቁረጥ ያስፈልገዋል። ይህን ያላመዛዘነ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ምዕራፍ አለፍ ብሎ ይመጣል።

ስብን የሚመለከት ምዕራፍም አለ። ሺርናቅ ብለው የሚጠሩት በላይኛው ቆብ ውስጥ የሚያብጥ የስብ አካል ነው። በአብዛኛው ሕፃናትን እንደሚይዝ፣ ዐይናቸውን እንደሚያስለቅስና የፀሐይ ብርሃን መቋቋም እንደሚከለክላቸው ጽፈዋል። ሕክምናው ረቂቅ ነው። ስቡ ወደ መሐል እንዲሰበሰብ ዙሪያው በተጠቀለለ የተልባ እግር ጨርቅ ተከቦ በጣት ይጫናል። በወርዱ፣ ለደም ማውጫ ከሚበጣው የማይበልጥ አነስተኛ ቀዳዳ ይደረጋል። ስቡ ብቅ ሲል በጨርቅ ተይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተገላበጠ ይወጣል። ምላጩ ጠልቆ ዐይኑን እንዳይነካ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። የሚገርመው ቀጣዩ መመሪያ ነው፤ ጥቂት ስብ ከቀረ ተጨማሪ መቁረጥ አያዙም፤ የቀረው እንዲሟሟ በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ጨው እንዲደረግ ያዛሉ። ጨው በዐይን አጠገብ መነስነስን ዛሬ ማንም አይመክርም። አሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ የቀረን ስብ ለማሳደድ ወደ ጥልቁ መውረድ ከቀረው ስብ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ቀጥሎ ሸትራ የሚባለው ጉድለት ይመጣል፤ ቆቡ ተሰብስቦ ዐይን የማይከደንበት ሁኔታ ነው። አል-ዘህራዊ ከተፈጥሮ የሚመጣውንና በኋላ የሚደርሰውን ይለያሉ፤ በኋላ ለሚደርሰው ምክንያት አድርገው የሚቆጥሩት የቁስል ጠባሳን፣ መቆረጥንና መተኮስን ነው። ሐኪሙ ራሱ የበሽታ ምክንያት ተብሎ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ለላይኛው ቆብ ጠባሳውን ከፍቶ ሁለቱን ከንፈሮች ማለያየት፣ መልሰው እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ጨርቅ ማስገባትና እስኪድን ማሰር ያዛሉ። የሚያደርቅና የሚያኮማትር መድኃኒት ይከለክላሉ፤ እርሱ ከተደረገበት ቆቡ ከመጀመሪያው ብሶ ይመለሳልና። በምትኩ የሚያለሰልስ ነገር፣ በተለይም አብሽ፣ ይመርጣሉ። ለታችኛው ቆብ መገልበጥ ደግሞ ድርብ ክር ባለው መርፌ የሚሠራ የተለየ ሥራ ሰጥተው ከላይኛው ለይተውታል። ይህ መለያየት ትክክል ነው። የታችኛው ቆብ የሚቆመው በጎን በኩል ባለው ማሠሪያ ጥንካሬ ሲሆን ስበት ሁልጊዜ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ በመሆኑም የላይኛው የሚችለውን ስሕተት የታችኛው አይችልም።

ከሕሙማኖቻቸው መካከል አንዱ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። አንድ አይሁዳዊ ከታችኛው የዐይን ቆቡ ሥር በቀስት ተመትቶ መጣ። ትልቅ፣ ለስላሳና ጆሮ የሌለው የብረት ቀስት ነበር፤ ጠልቆ በመግባቱም ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበት ጫፍ ብቻ በጭንቅ ይደረስበት ነበር። አል-ዘህራዊ አወጡት፤ ዐይኑም ምንም ሳይሆን ዳነ። ሌላው ደግሞ በአፍንጫው ሥር በዐይኑ ማዕዘን ተመትቶ ቀስቱ በጆሮው ሥር ወጥቶለታል። ምዕራፉን ለሚያነብ የአካል ጥናት ተማሪ፣ ከዐይን ኳስ በታች ያለው የስብ ትራስ ምን ያህል ሰፊና ለዐይን መጠጊያ እንደሆነ ከነዚህ ሁለት ሰዎች የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ለውበት ሲባል የሚወጣው ያው ትራስ ነው።

ዳግም ሕክምና በጅማ ዐይን

በአገራችን ቀደም ሲል የተቆረጠ የዐይን ቆብ ሲባል በአብዛኛው የውበት ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የሚገኘው ብጣት ነው። የዐይን ሕመምን ያወጣል በሚል እምነት የልጅን የዐይን ቆብ በምላጭ መብጣት፣ እንጥል ከመቁረጥና የወተት ጥርስ ከመንቀል ጋር ተያይዞ በጎጂ ልማዶች ዝርዝር ውስጥ ይጠቀሳል። ቀጥሎ ያለው በትራኮማ ምክንያት የታጠፈ ሽፋሽፍትን የማቃናት ቀዶ ሕክምና ነው። በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.1 በመቶው ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ለብዙዎቹ ቤት ውስጥ ያለው መፍትሔ ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ነው። ቀዶ ሕክምናውን በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠሩት በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ የዐይን ክብካቤ ባለሙያዎች ናቸው። በአማራ ክልል በ1,000 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመ ሙከራ፣ የቆቡን ሁለቱንም ንብርብር በሚያዞረው ዘዴ ከታከሙት 22 በመቶው፣ የኋላኛውን ንብርብር ብቻ በሚያዞረው ከታከሙት ደግሞ 13 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ችግሩ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። እንግዲህ ዳግም የመቁረጥ ጥያቄ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት የሚሠራ ባለሙያ በየጊዜው ሊገጥመው የሚችል ጥያቄ ነው።

የውበት ቀዶ ሕክምና ግን በአዲስ አበባና በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ እየታወቀ በመምጣቱ፣ ከዐይን ሥር እብጠት ቀረብኝ ወይም ተመለሰብኝ የሚል ታካሚ ጅማም ቢመጣ የሚያስገርም አይሆንም። ለዚህ ታካሚ ያሉት አማራጮች የሚለያዩት እብጠቱ ምን እንደሆነ በመለየት ነው፤ የአል-ዘህራዊ ትምህርት ዛሬም የሚሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጠዋት በርትቶ ወደ ማታ የሚቀንስ እብጠት ውኃ እንጂ ስብ ላይሆን ይችላል፤ ኩላሊት፣ የታይሮይድ ዕጢና የአለርጂ ሁኔታ ሳይመረመር ምላጭ ማንሣት ተገቢ አይደለም። እብጠቱ ስብ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ቆብ ስብ በሦስት ክፍል የተቀመጠ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀረው ወደ ጆሮ በኩል ያለው ክፍል ነው። ይህን በቆቡ የውስጥ ገጽ በኩል ገብቶ ማውጣት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ቡርጌ በ1920ዎቹ የገለጹት ይህ መንገድ የውጩን ቆዳ ስለማይነካ አስቀድሞ ለተቆረጠ ቆብ የተሻለ ነው። በውስጠኛውና በመካከለኛው ስብ መካከል የሚያልፈው ዐይንን የሚያንቀሳቅስ ጡንቻ ግን በጠባሳ ተይዞ ከቦታው ሊሸሽ ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ እብጠት የሚመስለው ነገር በእርግጥ ከእብጠቱ በታች ያለው ጉድጓድ ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ስብ ከልክ በላይ ከወጣ የጉንጩ ጫፍ ጎልቶ ይታያል። ለዚህ ሰው ተጨማሪ ማውጣት ጉዳቱን ያብሳል፤ የሚያስፈልገው መሙላት ነው። ያለውን ስብ ወደ ጉድጓዱ አንሸራትቶ መስፋት፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ስብ ወስዶ መርፌ መውጋት፣ ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ መሙላት ይቻላል። የመጨረሻው ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ሊሟሟ መቻሉ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱም መታወቅ አለበት፤ ንጥረ ነገሩ ውኃ ስለሚስብ ራሱ እብጠት ሊፈጥር ይችላል፤ በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባም አልፎ አልፎ ዐይንን ያጠፋል። ፌስቱን የሚባለው፣ በጉንጭ አጥንት ላይ የሚንጠለጠለው እጥፋት ደግሞ ከስቡ ክፍል ውጭ በመሆኑ ስብ በማውጣት አይስተካከልም።

ቆቡ ወደ ታች ከተሳበ፣ የዐይኑም ነጭ ከብሌኑ በታች ከታየ፣ ስለ እብጠቱ መነጋገር ለጊዜው መቆም አለበት። ቅድሚያ የሚሰጠው የጎኑን ማሠሪያ ማጥበቅ፣ ጠባሳውን ማላቀቅ፣ አስፈላጊም ሲሆን ከላንቃ ወይም ከጆሮ በሚወሰድ ቁራጭ ቆቡን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ በመሠረቱ አል-ዘህራዊ ጠባሳውን ከፍተው በመካከሉ ጨርቅ ያስገቡበት አሳብ ነው፤ ጨርቁ በሕያው ሥጋ ተተክቷል።

ጊዜም ራሱ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያው ጠባሳ እስኪለሰልስ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመት መጠበቅ የተለመደ ምክር ነው፤ ብሌኑ ሳይከደን እየደረቀ ያለ ሰው ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። ከታችኛው ወይም ከላይኛው ቆብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከዐይን ኋላ ደም የመፍሰስ አደጋ ከ2,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ፣ ዘላቂ የማየት ጉዳት ደግሞ ከ10,000 በአንዱ ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሆኖም ደም ከፈሰሰ ዐይኑን ለማዳን ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ስለሆነ፣ ከጌራ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ለመጣ ታካሚ የመጀመሪያውን ሌሊት ከሆስፒታሉ አጠገብ ማሳለፉ ሊታሰብበት ይገባል። ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪምም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን የቡና ለቀማ ወቅት ማስላት ይኖርበታል፤ በለቀማ መካከል ክር ለማስፈታት የሚመጣ ሰው ጥቂት ነውና።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1952 የተቋቋመውን የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመውን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በማዋሐድ በ1999 ሲመሠረት፣ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ይዟል። ከተማው ቀድሞም በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የእስልምና ትምህርት ማዕከል ስለነበረ ዓረብኛ የሚያነብ ሰው አላጣም። የአት-ተስሪፍን የዐይን ቆብ ምዕራፎች ከዓረብኛው በቀጥታ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ መመለስ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚበቃ፣ ሕክምናንና የቋንቋ ጥናትን የሚያገናኝ ሥራ ይሆናል። ተርጓሚው መጀመሪያ የሚቸገረው ሸትራና ሺርናቅ ለተባሉት ስሞች በአካባቢው ወጌሾች አፍ የሚነገር አቻ በማግኘት ላይ ነው።

የኮርዶባ መጨረሻ

አል-ዘህራዊ መጽሐፋቸውን በጨረሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኖሩበት ዓለም ፈረሰ። ኃያሉ የቤተ መንግሥት አስተዳዳሪ አል-መንሱር በ1002 ሞቱ። በ1009 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ መዲነት አል-ዘህራ በ1010 ተዘረፈች፤ ኮርዶባም በ1013 በበርበር ወታደሮች እጅ ወደቀች። አል-ሑመይዲ የሐኪሙን ሞት ከ400 ዓመተ ሂጅራ በኋላ ያደርጉታል፤ የዛሬ ጸሐፍት አብዛኛውን ጊዜ 1013 ይላሉ። ከተማዋ ከመሬት በታች ቀርታ ቁፋሮ የተጀመረው በ1911 ነው።

መጽሐፉ ግን ከከተማዋ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በቶሌዶ ወደ ላቲን መለሰው። ፈረንሳዊው ጊ ደ ሾሊያክ በ1363 ባጠናቀቀው የቀዶ ሕክምና መጽሐፉ 200 ጊዜ ያህል ጠቅሶታል። የላቲኑ ትርጉም በ1497 በቬኒስ ታተመ፤ ዓረብኛው ከላቲን ጋር በ1778 በኦክስፎርድ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ደግሞ በ1973 ወጣ። በአማስያ ይኖር የነበረው የቱርክ ሐኪም ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ በ1465 በቱርክኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ በአብዛኛው የአል-ዘህራዊን የተከተለ ነው፤ እርሱ ግን መሣሪያዎቹን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንና ታካሚውን አብሮ ሣለ። ከዚህ መጽሐፍ የተረፉት ሦስት የእጅ ጽሑፎች ናቸው፤ ሁለቱ በኢስታንቡል፣ አንዱ በፓሪስ ይገኛሉ።